አሚን ያልንበት ቴአትር

ባለፈው ቅዳሜ ቆቦ ገበያ ዳር ባጃጅ በድምፅ ማጉያ የተማሪዎች ቴአትር ሲያስተዋውቅ ሰማሁና የእህቴን ልጅ ዘሀራን ይዣት ሄድኩ። መጋረጃቸው እንደኛ ጊዜ ዛሬም ነጠላ ነው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጥንቅሽ በደረሰበት ወቅት፣ ከጎጃም የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቴአትር አዘጋጀልን። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ድሃ ሳይቀር ቴአትር ቤት ገብቶ፣ ባልና ሕግ ሚስትን ሲያንገላቱ እያየ ያለቅስ፣ በዳኛው ላይ ያፏጭ ነበር አለን። ያኔ በዚያ አገር ልጅ የአባት ነበር። እኛን ምን ይደንቀናል? ታላቅ እህቴን ፋጡማን ባሏ ሁሴን ፈትቶ፣ ጡት ያልጠገበች ልጇን ጎብዬ ከተማ እሱ ቤት አስቀርቶባት ነበር። ሽማግሌዎቹም «ልጅ የአባቷ ናት» ብለው ተነስተዋል።

በቴአትሩ ልጇን በፍርድ የምትነጠቀውን እናት የምሠራው እኔ ነኝ። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ሳይ፣ ሁሴን ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ልጅቷን ታቅፎ ጥንቅሽ እየላጠ ያበላታል። ፋጡማ ከኋላ ሴቶቹ መሀል ቆማለች።

«ሕጉ ለአባት ይላል» አለ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው ተማሪ። አልቅሼ መውጣት ነበረብኝ። አስተማሪው ከመጋረጃው ጀርባ «ውጪ እንጂ!» ይለኛል፤ እግሬ እምቢ አለ።

ያኔ አባ ይመር ተነሱ። አገር የሚያስታርቁ አበጋር ናቸው፤ የእህቴንም ነገር የፈረዱት እሳቸው። ቴአትር አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ቆይ! ይኸ ፍርድ አልጣመኝም» አሉ። ባል ሆኖ ወደሚሠራው ልጅ ዞረው «አንተ፣ ስጣት ልጇን!» ሲሉት ደንግጦ የጨርቅ አሻንጉሊቷን አስታቀፈኝ። እሳቸውም እንደ እርቅ ቀን መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁ፤ «ልጅ ከናቷ ጉያ አትለይ፤ የለያት አይቅናው!»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ። ሁሴንም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ሲል አየሁት።

«አባ ይመር» አለች ፋጡማ ከኋላ፤ «የኔንስ?»

በኛ አገር አሚን የተባለበት ምርቃት አይታጠፍም። ሁሴን ልጅቷን ይዞ ብድግ ሲል፣ ሊሄድባት ነው ብዬ አሻንጉሊቷን ጨመቅኳት። አባ ይመር «ያኔ ተሳስቻለሁ» አሉና ወደ ሁሴን ዞሩ። «አንተም አሚን ብለሃል።»

ሁሴን ሕዝቡን ሰንጥቆ ሄደ፤ ልጅቷን ፋጡማ እቅፍ ውስጥ አኖረና ማንንም ሳያይ ወጣ።

ያቺ ጥንቅሽ ትበላ የነበረች ልጅ ዘሀራ ናት፤ ዛሬ ራሷም የልጆች እናት ሆናለች። ቅዳሜ ዕለት ከቴአትሩ ስንመለስ «አክስቴ፣ የናንተው ግን በምን ያልቅ ነበር?» አለችኝ።

«እናትየዋ ልጇን ሳታይ ደጃፍ ላይ ትሞታለች።»

ያን መጨረሻ ሳንሠራው መቅረታችን እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ዘሀራ ስልኳን አወጣችና «እማ፣ እራት እንዳትበዪ፤ እየመጣሁ ነው» አለች።