ውኃ የገባበት ወተት

በዚያ ቀን በአባቴ የእንጨት ሥራ ክፍል ደጃፍ አምስት ነበርን፦ አባቴ፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ አንጁሎ፣ ለልጁ ሠርግ ቁም ሣጥን ያሠራው የስልጤው ባለሱቅ አቶ ሸምሱ፣ ታላቅ እህቴ ማርታ፣ እና ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ እኔ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ስለዚያ ቀን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ የምናገረውም ዝምታው ራሱ ስላደከመኝ ነው።

ክፍሉ ሶዶ ከሚገኘው ቤታችን ጀርባ ነበር፤ አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ነበረው። ልጅ እያለሁ ከትኩስ ዳቦ ሽታ ይልቅ የዋንዛ ሰጋቱራና የቫርኒሽ ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ቫርኒሽ የሚቀባው በብሩሽ ሲሆን፣ አጎቴ ግን በቲነር አቅጥኖ በዝንብ መርጫ ፓምፕ መርጨት ጀምሮ ነበር። ሲረጭ እንጨቱ እንደ መስታወት ይጠራል። በዚያ ሰሞን ግን የክረምቱ እርጥበት የመጀመሪያውን ቅብ ነጭ አልብሶ አበላሸው። ስለዚህ አባቴ መስኮቱ እንዲዘጋ አዘዘ። የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ። አባቴ በእጁ ዳስሶ አየና "ጎበዝ!" አለኝ።

በዚያ ዘመን ቀለም የሚረጭ ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወተት ይጠጣ ነበር፤ ወተት የሽታውን መርዝ ያጠፋል ተብሎ ይታመን ነበርና። ማርታ አንድ ትልቅ ኩባያ ሙሉ ቀድታ በእኔ እጅ ለአጎቴ ላከችለት። ከማድ ቤቱ እስከ ክፍሉ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች መንገድ ግማሹን ጠጣሁት፤ ጉድለቱንም በጣሪያው ሥር ከቆመው በርሜል በዝናብ ውኃ ሞላሁት።

አጎቴ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ። "ማርታ! ላማችሁ ኩሬ ውስጥ ነው እንዴ ያደረችው?"

"ካልጣፈጠዎት ይመልሱልን" አለችው ማርታ ከማድ ቤት ብቅ ብላ።

ሳቀና ጨለጠው። አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ ገባ፤ ነፋስ እንዳይገባም በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

እኛ ከደጅ ሆነን የፓምፑን ፉጨት እናዳምጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አጎቴ መዝፈን ጀመረ፤ ወላይትኛውን ከአማርኛው እያደባለቀ። "ሸምሱ! ልጅህን ለእኔ ዳርልኝ፣ ቁም ሣጥኑም እዚሁ ይቅር!" ብሎ ጮኸ።

"አንተ ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ጥርስህን አስተክል!" አለው አቶ ሸምሱ።

ተሳሳቅን። አጎቴ ቀልደኛ ስለነበር ምላሱ መተሳሰሩን እንኳ ከቀልዱ ቆጠርነው። ፓምፑ ዝም ሲልም እኛ ቀጣዩን ቀልድ እየጠበቅን ነበር። ፊቱ የተለወጠው አባቴ ብቻ ነው። ተጣራ፤ መልስ የለም። በሩን በትከሻው ሰብሮ ገባና ከአቶ ሸምሱ ጋር እየጎተቱ አወጡት። እርጥቡ ሣር ላይ አጋደሙት፤ መልኩ አመድ መስሎ ነበር። ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ወተቱን አስመለሰውና ተነፈሰ።

ተረፈ፤ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። እጁ መላጊያ መጨበጥ አቃተው፤ ንግግሩም ዘገየ። ተበላ በምትባል ከተማ ወደሚኖሩት ወንድሞቹ ሄዶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ሞተ። በቤታችን የተከሰሰው መስኮቱ ሳይሆን ወተቱ ነበር። አባቴ ያስመለሰውን አይቶ፣ "ለነፍሱ የሚሆን ወተት ሰስተሽ ነው ያቀጠንሽው?" አላት ማርታን። ማርታ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ኩባያውን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በቤታችን ወተት ለማርታ አይታመንም ነበር።

እኔ አድጌ ኬሚስትሪ ተማርኩ፤ ዕድሜዬንም ሳስተምረው ኖርኩ። ወተት ወደ ሆድ፣ የቲነር ትነት ደግሞ በሳንባ በኩል ወደ ደም እንደሚሄድና ሁለቱ እንደማይገናኙ ሳውቅ ሸክሜ የወረደ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን መስኮቱን የጠቀጠቅሁባቸው ጨርቆች ትዝ አሉኝ። ማርታም ቢሆን ያልሠራችውን ጥፋት እንደተሸከመች ነበረች።

ባለፈው ሳምንት የማርታ ልጅ ትዕግሥት ያንኑ ክፍል እንድመለከትላት ጠራችኝ፤ የቤት ዕቃ መርጨት ጀምራበታለች። በአንዱ ግድግዳ ትነቱን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ አስገጥማለች፤ ብልጭታ እንዳይኖር ሞተሩ ከትነቱ መንገድ ርቆ በውጭ ተቀምጦ በቀበቶ ያዞረዋል። ትይዩ ባለው መስኮት ንጹሕ አየር አቧራ በሚይዝ ጨርቅ ተጣርቶ ይገባል። ለትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብልም ሰቅላለች። ዝናብ ሲጥልስ ብዬ ጠየቅኋት፤ አልረጭም፣ ደንበኛው ይጠብቃል አለችኝ።

"ወተትስ?" አልኳት።

"ወተትማ ለሻይ ነው፣ ጋሼ!"

ማርታ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ "ወተቱ ውስጥ ውኃ የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ወደ እኔ አልዞረችም። "ከንፈርህ ነጭ ነበር" አለችኝ። "አባባ ሳያይብህ ልጠርግልህ ፈልጌ አልደረስኩም።"

ያኔ ሁላችንም ነፋስ እንዳይገባ ስንለፋ ነበር፤ አሁን ክፍሉ ከጀርባችን ያለ ማቋረጥ ይተነፍሳል። ከአምስታችን የቀረነው ሁለት ነን።