ይቅርታ ፍለጋ ወደ ሶፊ

ባለፈው ሳምንት ክፉ ቃል የተናገረችኝ አንዲት ዘመዴ ይቅርታዋን በስልክ ላከችልኝ፤ ከጽሑፉ ሥር ጽጌረዳ ተለጥፎበታል። ልጄ አነበበችልኝና «በቃ፣ ይቅር በያት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ለይቅርታ በእግር ሲኬድ ያየሁ ሰው ነኝ፤ በጽጌረዳ አልታለልም።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ የስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ በሚንጫጫበት መንገድ፣ ሙሴ ሳሊም በሚባሉ፣ ከየመኗ ዓደን በመጡ አይሁዳዊ ሽማግሌ ሱቅ ልብስ እሰፋ ነበር። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኡመር ናቸው። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ተዋደው ኖረው በአንድ መቀስ ተጣሉ። የሙሴ ሳሊም ትልቁ መቀስ ሲጠፋ፣ ያን ቀን ከእኔና ከሐጂ በቀር ሱቁ የገባ ሰው አልነበረም፤ እኔን እንደ ልጃቸው ያምኑኛል። ስለዚህ ሐጂን በጊደር መጋላ ገበያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሌባ» አሏቸው። መቀሱ በማግስቱ እዚያው ሱቃችን ውስጥ ከጨርቅ ክምር ሥር ተገኘ። ሐጂ ግን ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ነፈጓቸው።

መቀሱን የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። የእህቴን የሰርግ ቀሚስ ልቆርጥበት ሳላስፈቅድ ቤት ወስጄው፣ ጠቡን ስሰማ ደንግጬ ከጨርቁ ሥር ወሸቅሁት። ዓመት ሙሉ አፌን ዘጋሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

መስከረም ላይ የአይሁዶች የስርየት ቀን ደረሰ። ከጀምበር መጥለቂያ እስከ ማግስቱ ምሽት እህል ውሃ አይቀመስም። ይህስ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ በጾም ማን ይችለናል። የገረመኝ ሌላው ነው።

«እግዚአብሔርን የበደልኩትን እሱ ይምረኛል» አሉኝ ሙሴ ሳሊም። «ሰው የበደልኩትን ግን ሰውየው ራሱ ይቅር ካላለኝ ጾሜ ከንቱ ነው። ኡመር ጋ ሁለት ጊዜ ሄጄ መለሰኝ።»

«ሽማግሌ ይላኩ እንጂ» አልኳቸው፣ እንደ አገሬ ልማድ።

«ስድቡን በሰው አልላክሁም፤ ይቅርታውንም በሰው አልልክም።»

ጾሙ በሚገባበት ዕለት ሐጂ ከከተማ ወጥተው ሶፊ ወዳለው እርሻቸው ወርደዋል ተባለ። ኤረር በር ላይ ጫት አራግፎ በሚመለስ ላንድሮቨር ሁለታችን ተሳፈርን፤ ከወረድን በኋላ በእሸት ማሽላ መሃል በእግር ነው። ሙሴ ሳሊም ጉልበታቸው እያመማቸው በየመቶ እርምጃው ይቆማሉ፤ ፀሐይዋ ደግሞ ትጣደፋለች።

ሐጂ ዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሙሴ ሳሊም ጎንበስ ብለው «በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አሉ።

ሐጂ ቀና ብለው አዩአቸው። «ሳሊም፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ዛሬም መቀሱን የወሰደው ኡመር ነው ብለህ ታስባለህ?»

ሙሴ ሳሊም በዚያ ቀን መዋሸት አልቻሉም። «አላውቅም፤ ያን ክምር ቀደም ብዬ ፈትሼው ነበር» አሉ።

«እንግዲያው ምኑን ይቅር ልበልህ? አሁንም በልብህ ሌባ ነኝ» ብለው ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ።

ጀምበሯ የማሽላው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ለእህቴ ቀሚስ ብዬ የወሰድኩትም የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ሁለታችሁንም በድያለሁ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ጀመር። «ወላሂ፣ ሁለት ሽማግሌ በአንድ ቀሚስ ዓመት ሙሉ ተቃጠልን። አፉ ብያለሁ፤ ላንተም ለእሷም።» ሙሴ ሳሊም ግንባሬን ሳሙኝና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ።

ጀምበሯ ሳትገባ ዘይቱንና የተጠበሰ በቆሎ በጥድፊያ በላን። በጾሙ ቀን መኪና መሳፈር ስለማይፈቀድላቸው ሙሴ ሳሊም እዚያው አደሩ፤ በሐጂ ነጭ ጋቢ ተጠቅልለው ሲጸልዩ ዋሉ። ሐጂም «እንግዳዬ እየጾመ እኔ አልበላም» ብለው አብረው ጾሙ። እኔም አልቀረሁም። ኮከብ ሲወጣ ሦስታችን ከአንድ ቅል ውሃ ጠጣን።

በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ጊደር መጋላ ገቡ። ሙሴ ሳሊም ስድቡን በተናገሩበት ቦታ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሐጂ ኡመር ንጹሕ ሰው ነው» ሲሉ ሚጥሚጣ ሻጮቹ እልል አሉ። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ከኋላቸው ሄድኩ።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። ልጆቼ በሕይወትሽ በምን ትኮሪያለሽ ሲሉኝ የሚጠብቁት የራሳቸውን ስም ነው፤ እኔ ግን ሶፊ ላይ «እኔ ነኝ» ያልኩባትን ሰዓት እጠራለሁ። ቢቀየሙም ግድ የለኝም፤ ይቅርታ መጠየቅ አውቅበታለሁ።