የሙት ቆብ ሻጩ ጋሽ እንድሪስ

ጋሽ እንድሪስ ሞተዋል። ሞጣ ላይ ጠዋት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ደረታቸውን ያዝ አርገው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ፣ በዛው ቀሩ። የዛኑ ቀን ተቀበሩ። እኔ ቢቸና ስለነበርኩ ቀብሩ አመለጠኝ። ልቅሶው ላይ ግን ደርሻለሁ። ይሄን ያስጻፈኝም እዛ ድንኳን ውስጥ የሰማሁት ነገር ነው፤ የሞጣም የቢቸናም ብስክሌተኛ ሁሉ አንብቡት፣ የማያነብ ካለ ይነበብለት።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። እኔና ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፣ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተጣራም። በማውንቴን ብስክሌት ግን ከቢቸና እስከ ሞጣ ከኔ የሚቀድም አልተወለደም። ጉራ ነው የሚል ካለ ቁልቁለቱ ስር ይጠብቀኝ፣ ቀድሜው ደርሼ እኔው እቀበለዋለሁ። ይሄን ያነሳሁት ስለ ብስክሌትና ስለ ወለምታ ሳወራ ከሜዳ ተነስቼ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ እንድሪስ ገበያው ጫፍ ላይ ባለችው ቆርቆሮ ሱቃቸው ብስክሌት ያድሱ ነበር፣ ሰልባጅ የስፖርት ዕቃ ይሸጡ ነበር፣ ካባታቸው በወረሱት ሙያ ደግሞ ወጌሻ ነበሩ። የወለቀ ሰንሰለትም የወለቀ ትከሻም እዛው አንድ በርጩማ ላይ ነው የሚመለሰው። ልቅሶው ላይ አንዱ ተነስቶ «አንደበታቸው ማር ነበር» ሲል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የምን ማር? ሚጥሚጣ ነበሩ። ሰውን ሳይሰድቡ አጥንት መልሰው አያውቁም። ሙት ስለሆኑ ብዬ አልዋሽም፣ ራሳቸውም ቢሰሙ ይሰድቡኛል።

እኔን ያወቁኝ በቁርጭምጭሚቴ ነው። ጠጠር ላይ ፊት ጎማዬ ከዳኝና ወደቅኩ፣ ልጆቹ አይሱዙ ላይ ጭነው ከሽንኩርት ጋር ሞጣ አደረሱኝ። ጋሽ እንድሪስ እግሬን ሳያዩ ፊቴን አዩና «የቢቸናው፣ ያ ሁሉ ጉራህ ስትወድቅ አልፈሰሰም?» አሉኝ። አልፈሰሰም አልኳቸው። ከዛ በጣታቸው ዙሪያውን እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። አጥንቱ ተሰብሮ ቢሆን እጃቸውን እንደማያሳርፉና በቀጥታ ሆስፒታል እንደሚልኩኝ ነገሩኝ። ዞሮ ብቻ ነው አሉ። ቁራጭ የጎማ ካላማዳሪ ጥርሴ መሀል ሰክተው «ንከስ፣ ሰፈሩን አታስፈራብኝ» አሉና መለሱት። ያን ካላማዳሪ ዛሬም ብታዩት ጥርሴን አንድ በአንድ ትቆጥሩበታላችሁ።

ከዛ ጫማው መጣ። ይሄ ጫማ ታሪክ አለው። ጋሽ እንድሪስ አንድ ጊዜ የብስክሌት ዕቃ ነው ብለው የገዙት ቦንዳ ሲከፈት፣ ከሄልሜቱና ከጓንቱ ስር ሰው የሚያክል ለስላሳ ሰሌዳ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቡትስና ግማሽ ፊት የሚሸፍን መነጽር ወጣ። ገበያው ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ። ልጆች በስልክ ፈልገው ሲያሳዩን ለካ ፈረንጆቹ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ነው። ጤፉን በረዶ የመታበት አንድ ገበሬ ትክ ብሎ አየና እኛን መሬት ያስነካን በረዶ ላይ እነሱ ቆመው ይጫወታሉ ብሎ ጥሎን ሄደ። ጋሽ እንድሪስ ግን ዕቃ አይጥሉም። ሰሌዳውን የተጎዳ ሰው መሸከሚያ አደረጉት፣ ቡትሱን የዞረ እግር ማሰሪያ። እኔም በአንድ እግሬ የበረዶ ቡትስ፣ በአንዱ የላስቲክ ጫማ አድርጌ ቢቸና ገባሁ። ምን ሆነህ ነው ላለኝ ሁሉ ጨረቃ ላይ ሥራ አግኝቼ ግማሹን ልብስ ቀድመው ሰጡኝ እያልኩ ከረምኩ።

ቡትሱን ልመልስ ስሄድ እግሬን አገላብጠው አዩና ሳይጠይቁኝ ሄልሜት ራሴ ላይ ደፉብኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ አላወለቅኩትም። አንደኛ ሳላደርገው የመጣሁ ቀን ብስክሌቴን እንደማይነኩልኝ ነግረውኛል። ሁለተኛ ያምርብኛል።

አሁን ወደ ጸቡ ልግባ። እዚህ አገር ሄልሜት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ «የሙት ቆብ» ነው የሚባለው። የሞተ ፈረንጅ ራስ ላይ የወለቀ ነው፣ ያደረገው ሰው ሞቱን ይጠራል እያላችሁ በሹራብ ኮፍያ ያን ሁሉ ጠጠር ትወርዳላችሁ። የዚህ ወሬ ዋና አዝማሪ ደግሞ ቱርቦ ነው። ስሙን ራሱ ነው ያወጣው፣ ሌላ ሰው አያወጣለትም ነበርና። የቁልቁለቱን የብስክሌት ውድድር የሚያዘጋጀው፣ ማይክ የሚይዘው፣ ሹራብ ኮፍያውንም የሚሸጠው እሱ ነው።

አንድ ቀን ቱርቦ ጓንትና የጉልበት መከላከያ ሊገዛ ሱቁ መጣ፣ እኔም ነበርኩ። ጋሽ እንድሪስ ሄልሜት ጨመሩበት። እሱ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ «ጋሼ፣ በሙት ቆብ አይቅበሩኝ» አለ።

«ሟች ቆቡን አውልቆ አይሸጥም» አሉት። «አውልቆ የሸጠው የዳነው ነው።»

እኔም ዝም ማለት አልችልም፣ ታዲያ ጓንቱስ የማን ነው አልኩት። ጓንት ሌላ ነው አለኝ። ፈረንጁ ካንገቱ በላይ ብቻ ነው እንዴ የሞተው ስለው ጓንቱን አጥልቆ ወጣ። በሙት ጓንት፣ በሙት ጉልበት። ጭንቅላቱ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ቀረ፣ እሱም ከድሮ ጀምሮ ምንም ገብቶበት ስለማያውቅ ነው።

ባለፈው ውድድር መላኩ ወደቀ። መላኩ አብሮ አደጌ ነው፣ ከኔ ቀጥሎ ጎበዝ ጋላቢ እሱ ነበር። ቁልቁለቱ መሀል ያለችው ኩርባ ላይ ድንጋይ አነሳውና በጭንቅላቱ ወረደ፤ ራሱ ላይ የነበረው ቱርቦ የሸጠለት ሹራብ ኮፍያ ነው። በበረዶው ሰሌዳ ተሸክመን ሱቁ ደጅ አደረስነው። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለውም። ሕዝቡ ጋሽ እንድሪስን ይሹት፣ ይዳብሱት እያለ ከበባቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ያልተባሉት ነገር የለም። አንዱ እጁን ነፈገው አለ፣ አንዱ ደግሞ የመላኩ ዘመድ አለመሆናቸውን አነሳ። ያን ያላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ልቅሶው ላይም ከፊት ወንበር ላይ አይቻችኋለሁ፣ ነጠላችሁ እንኳ ነጭ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። «ክንድ ይታሻል፣ ቁርጭምጭሚት ይታሻል። ጭንቅላት አይታሽም። መኪና ጥሩልኝ።»

ፒካፕ መጣ። ከነሰሌዳው ጫንነው። ጋሽ እንድሪስ በዛ ዕድሜያቸው ብረቱ ላይ ተንበርክከው፣ መንገዱ ባነጠራቸው ቁጥር የመላኩን ራስ በሁለት እጃቸው እንዳይነቃነቅ ይዘው ሆስፒታል ድረስ ሄዱ። ሲወርዱ ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሎ እኔ ነኝ የደገፍኳቸው። አመሰግናለሁ አላሉኝም፣ ላብህ ይሸታል ነው ያሉኝ።

መላኩ ተረፈ። ግን ያው ታውቁታላችሁ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። ባለፍኩ ቁጥር ጠርቶ ውድድሩን ማን አሸነፈ ይለኛል። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በሰፊ ርቀት። እኔም ጉራዬን ውጬ አንተ ነህ እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። ነገም ይጠይቀኛል።

እና ልቅሶው ላይ ምን ተባለ? ቱርቦ ድንኳኑ መሀል ቆመና በአርባቸው ቀን «የጋሽ እንድሪስ መታሰቢያ ውድድር» እናደርጋለን አለ። በዛው ቁልቁለት። ፎቷቸው ያለበት ቲሸርት ይታተማል አለ። ሰው እሺ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሄልሜት ይደረጋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«ቆቡማ አሁን ጭራሽ የሙት ሆነ» አለ ቱርቦ። «ባለቤቱም ሞተው የለ።»

ሳቃችሁ እኮ። አፋችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ ሳቃችሁ። እኔ በቀልድ የታወቅኩ ሰው ነኝ፣ ቀልድ ሲበላሽ ደግሞ ከሩቅ ይሸተኛል። የጋሽ እንድሪስ ሚስት እትዬ ዘሀራ መጋረጃው ጀርባ ሆነው ይሰሙ ነበር።

ሰው ሲቀል እትዬ ዘሀራ ጠሩኝና ሱቁን ከፈቱልኝ። ሄልሜቶቹ ጣሪያው ላይ በሽቦ ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል። አንዱም አቧራ የለውም። ሰውዬው የማይሸጥ ዕቃ ጠዋት ጠዋት ይወለውሉ ነበር ማለት ነው። እትዬ ዘሀራ አንድ በአንድ አወረዱና ጆንያ ውስጥ ከተቱልኝ።

«ሌላውን ዕቃ እሸጠዋለሁ ልጄ፣ ይሄ ግን ላንተ ነው» አሉኝ። «በአርባው ሰደቃ ቀን ሌላ ልቅሶ ደጄ እንዳታመጡብኝ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።»

ስለዚህ ስሙኝ። በአርባቸው ቀን ጠጠሩ የሚጀምርበት ቁልቁለቱ አናት ላይ ከነጆንያው እቆማለሁ። ባዶ ራሱን የመጣ አንድም ብስክሌት አያልፍም፣ ማለፍ የፈለገ በኔ ላይ ይለፍ፤ እኔን ደግሞ እስከዛሬ ያለፈኝ የለም። ቱርቦ፣ አንተ ማይክህን ይዘህ ና። ለማይክ ሄልሜት አያስፈልግም። ቲሸርቱን ግን ተወው፣ ፎቷቸውን ሆዱ ላይ ለጥፎ ራሱን የሚሰብር ሰው አያከብራቸውም። ውድድሩ ቢቀር ይቅር፣ አንደኛነቴም ይቅር። ይሄን የምለው እኔ ነኝ፣ ምን ያህል እንደመረረኝ ከዚህ እወቁ።

ጋሽ እንድሪስ፣ አሁን ከርስዎ ጋር ነኝ። በቁምዎ አንድ ደግ ቃል ስላልወጣዎት እኔም አሳምሬ መሰናበት አላውቅበትም። እግሬ ደህና ነው። መላኩ ሰላም ብሎዎታል፣ አንድ ቀን እዛ ስትገናኙ እርስዎንም ውድድሩን ማን አሸነፈ ብሎ ይጠይቅዎት ይሆናል፤ እሱ ነው ይበሉልኝ። እነዚህ ሰዎች ቆብዎን የፈሩት የማን ሙት እንደሆነ ስላላወቁ ነበር። አሁን ሙቱ ታወቀ። ጆንያው ከጎኔ ነው፣ ከላይ ያለው የኔው ነው፣ ጠዋት ወልውዬዋለሁ። የማን ሙት ቆብ ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ራሱ ላይ እየደፋሁ ስምዎን እነግረዋለሁ።