ያልጠራሁት ጥልቀት

ባለፈው እሑድ ልጄ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ጥፍሯን ቀይ ስትቀባ ሽታው እስከ ሳሎን ድረስ መጣብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሠርግ ወይም የውበት ሳሎን ይታወሰው ይሆናል። እኔን ግን የወሰደኝ ወደ አንዲት አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ነው፤ ቤንዚን፣ የሐይቅ ውሃና የጥፍር ቀለም አንድ ላይ ወደሚሸቱባት። ልጄ ፈዝዤ ስታየኝ «ዋት?» አለችኝ። «ምንም» ብያት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሜልበርን ውስጥ፣ ካርልተን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተጋርቼ እኖራለሁ። ቅዳሜና እሑድ የሥራ ሺፍት ካልተሰጠኝ መሄጃ አልነበረኝም። ጋሼ የምላቸውን ሽማግሌ ያገኘኋቸው ለቅሶ ቤት ነው። አጠገቤ ተቀምጠው ንፍሮ ሲዘግኑ ቆዩና፣ ስሜንም ሳይጠይቁ፣ «ውሃ ትፈራለህ?» አሉኝ። «አልፈራም» አልኳቸው። «ቅዳሜ ሥራ አለህ?» «የለኝም።» «በቃ፣ በጠዋቱ መጥቼ እወስድሃለሁ» አሉና ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ። ትውውቃችን ይኸው ነው።

ጋሼ ያደጉት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። ሜልበርን ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ከመጋዘን ሥራ ጡረታ ወጥተው ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነርስ ከሆነች ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ጀልባዋ በግቢያቸው መግቢያ ላይ ሰማያዊ ሸራ ለብሳ ትቆማለች፤ ልጃቸው መኪናዋን መንገድ ላይ የምታቆመው በዚህች ጀልባ ምክንያት ነው፤ ይህንንም ሳታነሣ የቀረችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ኤይልደን ሐይቅ ከከተማው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። በጋው ሊያልቅ ሲል የላይኛው ውሃ ለብ ይላል፤ ትራውት የሚባለው ዓሣ ደግሞ ሙቀት አይወድም፣ ቀዝቃዛውን ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ ድረስ የሚከተሉት ዳውንሪገር በሚባል ነገር ነው። ከጀልባዋ ጎን የሚታሰር ትንሽ መዘውር ነው፤ በላዩ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል፣ በሽቦው ጫፍ ብርቱካን የሚያህል የእርሳስ ኳስ ተንጠልጥሏል። የማጥመጃውን ክር ሽቦው ላይ በመቆንጠጫ ያስይዙና ኳሱን ወደ ታች ይለቁታል፤ ከዚያ ጀልባዋን በዝግታ እየነዱ መንጠቆውን ከኋላ ማስከተል ነው። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቅና ጎብጦ የነበረው የማጥመጃ ዘንግ ድንገት ቀጥ ይላል። ያቺን ቅጽበት ስንጠብቅ ስንት ቀን እንደዋልን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሼ በአንዱ ሽቦ ላይ ሁለት ክር ያስሩ ነበር፤ አንዱን ከታች፣ አንዱን ከፍ አድርገው። ከመንጠቆዎቹ ፊት ደግሞ የሚያብለጨልጩ ማንኪያዎች በተርታ ይሰካሉ። ውሃ ውስጥ ሲሽከረከሩ የትንንሽ ዓሦች መንጋ ይመስላሉ፤ ትራውቱም ሊበላ ብሎ ይመጣል። ሌላው ሰው ከሱቅ ይገዛቸዋል። የጋሼ ግን እውነተኛ የሻይ ማንኪያዎች ነበሩ። እጀታቸውን በመጋዝ ቆርጠው፣ በስተው፣ በቀለበት አያይዘው፣ ለሦስት ዓመት አንድ በአንድ የሠሯቸው። ልጃቸው «እኛ ቤት ሻይ የሚማሰለው በሹካ ነው» ትል ነበር። ስንት ሽቦ እንደወረደ የሚያሳየው የመዘውሩ ቆጣሪ ገና ከጠዋቱ ስለተሰበረ ሽቦውን ግቢው ውስጥ ዘርግተው በየአሥር ክንዱ በልጃቸው ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገውበታል። ቀለሙ ቶሎ ስለሚለቅ ሁልጊዜ ከመሄዳችን በፊት ይታደሳል። ሜትር የሚባለውን ነገር ጋሼ አያምኑትም።

የእኔ ሥራ ጥልቀት መጥራት ነበር። ጋሼ ከኋላ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ሞተሩን፣ በሌላው የመዘውሩን እጀታ ይይዛሉ። እኔ ከፊት፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ የውሃውን ጥልቀት የምታሳየዋን ትንሽ ስክሪን አያለሁ። ስክሪኗ በሜትር ነው የምትናገረው፤ እኔ በሁለት አባዝቼ በክንድ እጠራለሁ። «ሰባ! ስልሳ አምስት! ስልሳ!» መሬቱ ከፍ ሲል እሳቸው ኳሱን ያነሣሉ፣ ሲወርድ ይለቃሉ። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ ድሮ ሸለቆ የነበረ፣ ግድብ ሲሠራ ዛፎቹ እንደቆሙ ውሃ የዋጣቸው። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ይህን አስረድተውኝ፣ «አንተ ካልጠራህልኝ እኔ ዕውር ነኝ» አሉኝ።

አራት ወይም አምስት ጊዜ ሄደናል። ዓሣ ያገኘነው በሁለቱ ቀን ብቻ ነው። ምሳችን ዳቦ በሳርዲን ነበር፤ ዓሣ አጥማጆች ሆነን የቆርቆሮ ዓሣ ስንበላ ጋሼ በራሳቸው ይስቃሉ። ዳቦውን ሲቆርሱ ትልቁን ለእኔ ነው የሚሰጡት። እምቢ ስል «ቁጥር የሚጠራ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል» ይላሉ። አባቴን በሕፃንነቴ ነው ያጣሁት። እዚያች ጀልባ ላይ አባት ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው የገባኝ መሰለኝ፤ ይህንን ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ልጃቸው ትሰጋ ነበር። በፊተኛው ክረምት ጋሼ ጀልባዋን ከውሃ ሲያወጡ ተንሸራተው የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። «ዳዲ፣ ሰባ ዓመትህ እኮ ነው» አለቻቸው እፊቴ። «አንድ ነገር ቢፈጠር ጀልባዋ ትሸጣለች። ዳን፣ አለቀ። ሁለተኛ አናወራበትም።» ጋሼ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረችና፣ «አንተ አብረኸው አለህ ብዬ ነው የምለቀው፣ እሺ?» አለችኝ። «አታስቢ እህቴ» አልኳት፤ ደረቴን ነፍቼ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድን ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ የሚሰማው የሞተሩ ማጉረምረምና ሽቦው ውሃውን እየቆረጠ የሚያሰማት ቀጭን ዜማ ብቻ ነው። ኤይልደን ላይ ስልክ የሚሠራው አንዳንድ ቦታ ነው፤ ከአንዱ ተራራ ዞር እንዳልን ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካፌ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። ለአንድ ወር ደጅ ስጠናት ቆይቼ፣ በመጨረሻ ያን ቀን «የት ጠፋህ?» ብላ ጻፈችልኝ። አየህ፣ ሁለት ቃል ናት። እኔ ደግሞ የሚያስቅ መልስ ልጽፍላት ፈለግሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። መጨረሻ የጠራሁት ቁጥር «ስልሳ» ነበር። ስክሪኗ ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች አላውቅም።

ጀልባዋ አንዴ ተንገጫገጨችና ወደ ጎን ተዘነበለች። ኳሱ ከታች ካሉት ዛፎች አንዱ ውስጥ ገብቶ ተይዟል። ሁለቱም ዘንጎች ጎበጡ፣ ሽቦው ጠርዙን ወደ ታች እየጎተተ ውሃ በጎን ይገባ ጀመር። እኔ ስልኬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ደርቄ ቀረሁ። ጋሼ ሞተሩን አጠፉ፣ ሽቦውን በባዶ እጃቸው ይዘው ለማላላት ሞከሩ፤ መዳፋቸው ተተለተለ። እንደማይሆን ሲያውቁ ፒንሳ አንሥተው ቆረጡት። ጀልባዋ ወዲያው ተቃናች። ኳሱ፣ ሁለቱ ክሮች፣ የሦስት ዓመቶቹ ማንኪያዎች፣ ሁሉም እዚያው ቀሩ።

ጋሼ በእጃቸው ላይ መሐረብ እየጠመጠሙ ትንሽ ተነፈሱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «አልጠራህልኝም እንዴ?» አሉኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጥፋቴን ለመናገር የሚያስፈራኝ አንዳች ነገር አልነበረም፤ ቢበዛ «አይ የዛሬ ልጆች!» ብለው ይስቁብኝ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። «ጠርቼልዎት ነበር፣ ጋሼ። ሠላሳ ብያለሁ።» ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ «ሁለቴ ነው የጠራሁት» ብዬ ጨመርኩበት።

«ሁለቴ?»

«አዎ።»

ዐይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው ውሃውን አዩ። ያልታሰረውን እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱና ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉት። «እንዲያ ከሆነ ጆሮዬ ከድቶኛል» አሉ። «ይቅር በለኝ ልጄ። በኔ ጦስ ልትሰጥም ነበር።»

እሳቸው ናቸው ይቅርታ የጠየቁኝ። የኔን ቃል ለመጠራጠር እንኳ ይሉኝታ ይዟቸዋል፤ የሰው ልጅ፣ የተማረ ልጅ፣ ያውም እንግዳቸው እንዴት ይዋሻል? እሱን ከማሰብ የገዛ ጆሯቸውን መካድ ቀለላቸው። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው ነዱ። እንዲህ ጮክ አድርገው ሲያዳምጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ብሬብሩክ ስንደርስ ልጃቸው ቁስሉን እያጠበች «ዋት ሃፕንድ?» አለች። «ልጁ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አሉ ጋሼ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። «እውነት ነው?» አሁንም በር ተከፍቶልኝ ነበር። የምትጠመጥመውን ፋሻ እያየሁ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ጀልባዋ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ተሸጠች። ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙም ለዕድሜያቸው ጆሯቸው ደህና መሆኑን ነገራቸው። ጋሼ ግን አላመኑትም። «እዚያ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ነው የመረመረኝ» አሉ። ትንሽ ቆይተው መኪና መንዳትም ተዉ፤ «ጡሩምባ ሳልሰማ ሰው እገጫለሁ» ብለው። ሰው በተሰበሰበበት ወሬ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ መደገን ለመዱ፤ በኋላ በኋላም ጥግ ይዘው ዝም ማለት ሆነ ሥራቸው። ያ ንፍሮ እየዘገነ የማያውቀውን ሰው «ውሃ ትፈራለህ?» የሚል ሰውዬ ዓይኔ እያየ አረጀ። እኔም ፈተና አለብኝ፣ ሺፍት አለብኝ እያልኩ እግሬን አሳጠርኩ። የካፌዋ ልጅ፣ ከጠየቅኸኝ፣ በሁለት ወሯ ሌላ ሰው አገኘች።

ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ዌሪቢ የሚባል ሰፈር ገባሁ። ጋሼ መታመማቸውን የሰማሁት ጀልባዋ ከተሸጠች ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቆርጬ ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠው ነበር፤ ከስተዋል። ከሰላምታው በኋላ ልጃቸው ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ጠጋ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን፣ ሽቦው የተያዘ ቀን፣ አልጠራሁም ነበር።»

«እ?» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ወስደው።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አልጠራሁም ነበር! ስልኬን እያየሁ ነበር። ሁለቴ ጠራሁ ያልኩዎት ውሸት ነው። ጆሮዎ ምንም አልሆነም ነበር፣ ጋሼ።»

ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። «ተው እንጂ ልጄ» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት በሆድህ ይዘኸው ኖረሃል? እኔ እንዳይከፋኝ ብለህ በራስህ ላይ አትመስክር።»

«እውነቴን ነው! እናቴ ትሙት!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያሉ እጄን መታ መታ አደረጉት። ልጃቸው የሻዩን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ እሷ ዞር አሉ። «ሰማሽው? ጥፋቴን ሊሸከምልኝ ነው የመጣ። አስተዳደግ ማለት ይሄ ነው።»

ሻዩን ጠጣሁ። ምን እንዳወራን አላስታውስም። ስወጣ ልጃቸው እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «ጀልባዋን ከሸጥኩበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። «አንዳንዴ ባልሸጥኳት ኖሮ እላለሁ፤ ግን ጆሮው… ምን ላድርግ? ቴንክ ዩ፣ እንደዚያ ስላልከው። በጣም ካይንድ ነህ።»

ቁልፌን እንደያዝኩ ቆምኩ። እውነት ነው፣ የነገርኳቸው እውነት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ምንም አይደል፣ እህቴ» አልኳት።