ማዞሪያውን በሐበሻ ሰዓት ያዞሩ የነበሩት ጋሽ ሀብቶም

ጋሽ ሀብቶም በየነ የዛሬ አርባ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኬንት በሚገኘው ቤታቸው ባለቤታቸው እትዬ አበባ እጃቸውን እንደያዙ ዐርፈዋል። በቤተ ክርስቲያን፣ በዕድር ወይም ሲታክ በሚገኘው የኤርፖርቱ ፓርኪንግ የምታውቋቸው ሁሉ ቀብራቸው ላይ ተገኝታችሁ አስተዛዝናችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ እትዬ አበባ ሲጠይቁኝ «ደግነታቸውን ጻፊ» ነበር ያሉኝ። እጽፋለሁ። ግን አንጀቴ እያረረ ደግነት ብቻ መጻፍ አልችልም፤ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ።

ባረፉበት ዕለት አንድ ሰው በኢንተርኔት የሐዘን መግለጫ አወጣ። ስሙን አልጠራም። የሰው ስም ሰርቆ የኖረ ሰው በጋሽ ሀብቶም መታሰቢያ ላይ ስሙ አይጻፍለትም፤ ባለስቱዲዮው እለዋለሁ። «ለብዙ ዓመት ቡና ያፈላልኝ የነበረው ውድ ረዳቴ ሀቢ ዐረፈ» ይላል መግለጫው። ጋሽ ሀብቶም ለዚያ ሰው ቡና አፍልተው አያውቁም። ራሳቸውም አይጠጡም ነበር፤ ጨጓራቸው አይችልም፣ ሻይ ነበር የሚጠጡት።

እንግዲያው ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በፓርኪንጉ መግቢያ፣ በመስታወቷ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ሲሰጡ ነው። ከባድ ሮክ፣ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ግን በድምፅ ጥራት ከሁሉ የሚበልጡትን አልበሞች ሲዘረዝሩ፣ ሽፋኑ ላይ ድልድይ ያለበት አንድ አልበም ሳይጠሩ አያልፉም። የተጫወቱት ከዚሁ ከጎረቤታችን ከሬንተን ከተማ የወጡ አራት ልጆች ናቸው። ስፒከር የሚሸጡ ሱቆች ዕቃቸውን ለደንበኛ ሲያሳዩ ያንን አልበም ይከፍታሉ። ጊታሩ ይከብዳል እንጂ ጆሮ አያሳምምም፤ ከበሮው ደረት ላይ ያርፋል፤ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል የከበሮ መቺው ዱላ የከበሮውን ጠርዝ ሲነካ ይሰማል። ያንን ድምፅ አመዛዝነው ያዋሃዱት፣ በሙያው ቋንቋ ሚክስ ያደረጉት፣ ጋሽ ሀብቶም ናቸው። ሽፋኑ ውስጥ ግን ሚክስ ካለው አጠገብ የተጻፈው የባለስቱዲዮው ስም ነው። የእሳቸው ስም መጨረሻው መስመር ላይ፣ በደቃቃ ፊደል ነው የሚገኘው፦ «ስለ ቡናው፣ ሀቢን እናመሰግናለን።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ ሀብቶም ያኔ በዚያ ስቱዲዮ የዕቃ ጠጋኝ ነበሩ። ባለስቱዲዮው ሚክሱን ጀምሮ ሲያቅተው «ዕረፍት ያስፈልገኛል» ብሎ ሃዋይ ሄደ። ልጆቹ ተጨነቁ፤ እሳቸው «እስቲ ልሞክር» አሉ። ለዐሥራ አንድ ቀን በየጠዋቱ ሠሩ። ሁልጊዜ ጠዋት ነበር የሚሠሩት። «ጆሮ የጠዋት ሠራተኛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያሞግሳል እንጂ አይሰማም» ይሉ ነበር። ሰውየው ከሃዋይ ተመልሶ ሰማውና «ጥሩ ነው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ። የጨረሰው ስሙን በመጻፍ ነው።

እኔ የማውቃቸው ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሲታክ የሆቴል ሸትል፣ እንግዳ የሚያመላልስ ሚኒባስ፣ እነዳለሁ። በየቀኑ በመስታወቷ ቤት አጠገብ ሳልፍ ሜታል ከፍቼ ነው የማልፈው፤ ለዚህ ደግሞ ያልወቀሰኝ ሐበሻ የለም። አንድ ጠዋት ጋሽ ሀብቶም ወጡና መስኮቴን አንኳኩ። መቼስ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ቤዝ ጊታሩን ማን አፈነው? ስፒከርሽ ነው ወይስ አልበሙ?» አሉኝ። ገብተው ተቀመጡ፣ ሁለት ነገር ነካኩ፣ መኪናው ውስጥ ያልነበረ ሰው የገባ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኬንት ጋራዣቸው ውስጥ፣ ድምፅ በሚያመዛዝኑበት መሣሪያ፣ በአሮጌ ሚክሰራቸው ላይ ተማሪያቸው ሆንኩ።

ጊታር ከፍ ባደረግሁ ቁጥር እጄን በቀስታ ይዘው «ዝቅ አድርጊው፤ ይከብድልሻል» ይሉኝ ነበር። እውነትም ይከብድ ነበር። ትልቁ ከበሮና ቤዝ ጊታሩ ሲጋፉ ደግሞ «ሁለት አባወራ በአንድ ቤት አይኖርም፤ አንዱን ጓሮ አስወጪው» ይላሉ። አስቀይመውኝ አያውቁም፤ እኔ ነኝ በየጊዜው የምቆጣው፤ እሳቸው ተቆጥቼ እስክጨርስ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሚክሰር ላይ ብዙ ትናንሽ ክብ ማዞሪያዎች አሉ። የት ድረስ እንደተዞሩ የሚነገረው እንደ ሰዓት ዘንግ ነው። ፈረንጅ ወደ ግራ የዞረውን ዘጠኝ ሰዓት፣ ወደ ቀኝ የዞረውን ሦስት ሰዓት ይለዋል። ጋሽ ሀብቶም ግን በሐበሻ ሰዓት ነበር የሚቆጥሩት። «ተመልከቺ፣ እንደ ቀን ነው» አሉኝ የመጀመሪያው እሑድ። «ከታች በግራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ስድስት ሰዓት ላይ አናት ይደርሳል፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቀኝ ይጠልቃል። እነሱ ከሰባት ጀምረው በአምስት ይጨርሳሉ፤ ይሄ ምን የሚሉት ቆጠራ ነው?» አናት ላይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ያለ ማዞሪያ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጨምራል። ስለዚህ እሳቸው ሦስት ብለው የጻፉት «ቀንስ» ማለት ነው፤ የፈረንጅ ሦስት ደግሞ «ጨምር» ነው። ባለ ድልድዩን አልበም ሲሠሩ እያንዳንዱ ማዞሪያ የት እንደቆመ የመዘገቡባቸው ወረቀቶች በሙሉ የተጻፉት በዚህ ሰዓት ነው።

ደግነታቸውን ጻፊ ተብያለሁና ይኸው። የቤተ ክርስቲያናችን ስፒከር ሲያፏጭ የነበረበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ጋሽ ሀብቶም ሊያስተካክሉ የመጡ ዕለት ወደ መሣሪያው አልሄዱም። በስተኋላ፣ አሮጊቶቹ ወደሚቆሙበት ሄደው ከአንዷ ወደ አንዷ ጎንበስ እያሉ «እማማ፣ የቄሱ ቃል ይደርስዎታል?» ብለው ጠየቁ። አንዲቱ «ከመጣሁ ጀምሮ ሰምቼ አላውቅም፣ አሜን የምለው ሰው አይቼ ነው» አሏቸው። ያን ስፒከር ሦስት ቅዳሜ ለፉበት። በአራተኛው ሳምንት እኚያ እናት ከሁሉ ቀድመው አሜን አሉ።

ባለፈው መከር፣ ሕመማቸው ሲጠና፣ ባለስቱዲዮው አበባ ይዞ ኬንት መጣ። እኔም ነበርኩ። አልበሙ እንደ አዲስ ሚክስ ተደርጎ ሊወጣ ነው፤ ልጆቹ የተቀረጹበት ቴፕም ያኔ የተሠራበት ሚክሰርም አሉ፤ ድምፁ ግን አልመጣ ብሎታል። «ሀቢ፣ ያኔ የጻፍከው ወረቀት አለህ?» አለ።

«አለኝ» አሉ ጋሽ ሀብቶም። «አንድ ነገር ብቻ። ስሜን ጻፍልኝ፤ ሙሉ ስሜን።»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ይሄማ ምን ጥያቄ አለው፣ ሀቢ!»

ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ «እንዴት ሳያስፈርሙት ይሰጡታል?» አልኳቸው። «ሰው ቃሉ ነው» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲሱ ሽፋን ኢንተርኔት ላይ ወጣ። የሰውየው ስም አሁን ሁለት ቦታ ሰፍሯል። መጨረሻው መስመር ላይ ያው ቡና አለ። በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አዩ። «ምናልባት ረስቶት ይሆናል» አሉ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን የተወጉት ሊረሱለት ነበር። ያልረሳሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ እሳቸው ከምሳ በኋላ ተኝተው ሳለ ስልካቸው ጠራ። አነሳሁት፤ ሰውየው ነው። «ወረቀቱ ላይ አንዳንድ ቦታ ስድስት ሰዓት ይላል። ማዞሪያው ወደ ታች ስድስት ላይ አይደርስም። ሀቢ ተሳስቶ ነው?»

በፈረንጅ ሰዓት እያነበበው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አንድ ቃል ብናገር ይድናል። «አልተሳሳቱም» አልኩት። «ስድስት ያሉትን አናት ላይ ተወው፣ አትንካው። ሌላውን ሁሉ እንደተጻፈው አዙር። እሳቸው አንድ ቁጥር ተሳስተው አያውቁም።» ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ስድስት አናት ላይ ከሆነ ሦስት በየት በኩል ነው ብሎ ለአንድ ደቂቃ ቢያስብ ኖሮ ይገባው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አመስግኖ ዘጋው።

ጋሽ ሀብቶም ሲነቁ እየሳቅሁ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ተደግፈው ቀና አሉ። «የዋልተርን ከበሮ ገደልሽው» አሉኝ። ዋልተር የዚያ ባንድ ከበሮ መቺ ነው፤ አልበሙ ሲሠራ ሃያ ዓመቱ ነበር። «እኔ ነኝ የተበደልኩት። ከበሮው ምን አደረገሽ? አሁኑኑ ኮል አድርጊለትና በሐበሻ ሰዓት ነው በይው።»

«እሺ» አልኩና ስልኩን ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ሚክሰሩ አጠገብ ትንሽ ቆምኩ። ተመልሼ «ደወልኩለት» አልኳቸው።

«ገባው?»

«ገባው።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ፤ ተባረኪ» ብለው ተኙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዐረፉ።

አልበሙ የወጣው ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ነው። ሸትሉን ሆቴሉ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ሰማሁት። ከበሮው የካርቶን ሣጥን ሆኗል፣ ጊታሩ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጫጫል፣ ቤዙ የለም። ካንጀቴ ሳቅሁ። ሳይመሽ የአልበሙ ወዳጆች ሁሉ «ይሄን የሠራው ደንቆሮ ማነው?» እያሉ ተነሡበት። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ቪዲዮ ለቀቀ፤ የጋሽ ሀብቶምን ወረቀት ካሜራው ፊት ዘርግቶ፦ «ጥፋቱ የእኔ አይደለም! የመጀመሪያውን ሚክስ የሠራው ሀቢ ነው። እኔ የእሱን ቁጥር አንድ በአንድ ነው የተከተልኩት። ይኸው የእጅ ጽሑፉ!»

ማንም አልጠየቀውም። ስንት ዓመት የደበቀውን በሟች ላይ ሊያላክክ ብሎ በገዛ አፉ አወጣው። ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ገሥጸውኛል። ልክ ናቸው። እኔ ግን ገና እያሳለኝ ነው።

ቪዲዮውን ያየው ዋልተር ጋሽ ሀብቶም ቤት መጣ፤ አሁን እዚያው ኬንት አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ጋራዡን ከፈትኩለትና አንዱን ማዞሪያ ይዤ ሰዓቱን በእሳቸው አቆጣጠር ከአንድ እስከ ዐሥራ አንድ አሳየሁት፤ ሰውየው ስለ ስድስቱ ደውሎ እንደጠየቀኝም ነገርኩት። ወዲያው ገባው። ግንባሩን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ሲደውል ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ሀቢ ቢሆን ይነግረው ነበር» አለ።

እውነቱን ነው፤ ጋሽ ሀብቶም ቢሆኑ ይነግሩት ነበር።

የሬንተኖቹ ባንድ አዲሱ ቅጂ ከገበያ እንዲሰበሰብ አደረገ። የመጀመሪያው ሚክስ ተመልሶ ይወጣል። የሽፋኑን ናሙና ዋልተር አምጥቶልናል፤ እትዬ አበባ ዳዊታቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። «ሚክስ፦ ሀብቶም በየነ» ይላል። ስለ ቡናው የሚለው መስመር ወጥቷል። ሰውየው ነገሩን ከዋልተር ሰምቶ «አታለልሽኝ» ብሎ ጻፈልኝ። «እንደተጻፈው አዙር ነው ያልኩህ» ብዬ መለስኩለት።

ጋሽ ሀብቶም፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው፤ የሚያውቁዎት ሁሉ ይስሙ። ያን ቀን አልደወልኩም። ጋራዥ ገብቼ ስልኩን ይዤ ቆሜ ነው የተመለስኩት። «ተባረኪ» ያሉኝ ውሸቴን አምነው ነው። ዐይንዎን እያየሁ ስለዋሸሁዎት ይቅር ይበሉኝ፤ የዋልተር ከበሮ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ካርቶን ስለሆነም ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ጠዋት ከፍትሐቱ መልስ ጋራዡን ከፍተን የእርስዎን አልበም እንሰማለን፤ እትዬ አበባ ሻይ ያፈላሉ፤ ማዞሪያዎቹን የሚነካ የለም። እርስዎ እንደሚሉት ጆሮ በሚሠራበት ሰዓት ነው። ስምዎ ተጽፏልና በሰላም ይረፉ። ስለዚያ ሰው ግን ይቅርታ አልጠይቅዎትም። ነገ ደውሎ ቢጠይቀኝ የምመልስለት ያንኑ ነው።