ዝም ብለህ አብራልኝ

ጁባ፣ ጀበል ሰፈር በተከራየሁት ግቢ ውስጥ ማታ ማታ መኪና እጠግናለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ባለመኪና ሲያወራኝ ግን ደሜ ይፈላል። ሁሉም መካኒክ ነዋ!

ባለፈው አንድ አዲስ ደንበኛ ደወለልኝና «ቪትዟ ስትሄድ ከሥር ቋ ቋ ትላለች። ነገ በጠዋት ኒሙሌ ልሄድባት ነውና ዛሬውኑ አድርስልኝ፤ ማታ ትመጣልሃለች» አለኝ። እቤት ስደርስ ነጭ ቪትዝ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ጨርሷል። ጎማ መፍታት ስጀምር አንድ ረጅም ሰውዬ ገባ።

«እንደምን አመሸህ ወንድሜ? እኔ እንኳን የመጣሁት...» አለ፣ ጋምቤላ እንዳደገ በሚያስታውቅ አማርኛ።

«ኋላ ታወራለህ! ይልቅ ይሄን የእጅ ባትሪ ያዝና ዝም ብለህ አብራልኝ።»

አበራልኝ። አራቱንም ጎማ አወረድኩ፣ ፍሬኑን ፈታሁ፣ ጉሚኒዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ምንም የለም! ቢንቢው ይበላኛል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ሰውየው ደግሞ አሁንም አሁንም አፉን ይከፍታል።

«እባክህ ሰላም ስጠኝ!» እለዋለሁ።

ሌሊቱ ሲጋመስ ተስፋ ቆረጥኩና መፍቻዬን ወረወርኩ።

«እሺ፣ አሁን ተናገር! መቼ መቼ ነው ቋ ቋ የምትለው?»

«ኧረ የኔ መኪና ምንም አትል» አለኝ። «ሚስትህ እስከ ማታ እዚህ አቁም ስላለችኝ ነው ያቆምኳት። ልወስዳት ብመጣ ትቆጣኛለህ። ማሌሽ፣ ይቅርታ ወንድሜ!»

የወረወርኩትን መፍቻ ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ከውጭ አንዲት መኪና ቋ ቋ እያለች መጥታ በራችን ላይ ቆመች።