የጉሬዛ ምንጣፍ ሰፊዋ

በጃንሆይ ዘመን፣ የነቀምቴ መንገድ ገና ኮረኮንች ሳለ፣ ወርቂቱ ሞረዳ ከአቶ ገብረመስቀል ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የጉሬዛ ቆዳ ትሰፋ ነበር። ባሏን ወባ ከቀማት ወዲህ ያደረችው በዚሁ ሙያ ነው። ጥቁሩን ከጥቁር፣ ነጩን ከነጭ አጋጥማ፣ በወስፌ እየበሳች ክብ ምንጣፍ ታወጣለታለች። ምንጣፉ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ እዚያ ፈረንጆች ሳሎናቸው ውስጥ ያነጥፉታል ሲባል ሰምታለች። ስፌቷን በጣት ዳስሰው እንኳ አያገኙትም ይሉላታል።

ተወልዳ ያደገችው ከነቀምቴ ወጣ ባለው በኡኬ ገጠር ነው። በልጅነቷ የኡኬን ሰው ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከአውራ ዶሮ ይልቅ ጉሬዛ ነበር፤ የአገሩ ሰው ዌኒ ይለዋል። ጎህ ሲቀድ አንዱ አውራ ከዛፍ ጫፍ ላይ ያጓራል፣ ከማዶ ያለው ይመልስለታል፣ ከዚያ ሸለቆው ሁሉ ይቀባበለዋል። አባቷ ሞረዳ በሬዎቹን የሚያወጣው ይሄኔ ነው። «ዝንጀሮ ሌባ ነው፤ ዌኒ ግን ጨዋ ጎረቤት ነው። ቅጠሉን በልቶ ያድራል እንጂ በቆሏችንን ብሎ አይወርድም» ይል ነበር። ድንጋይ የሚወረውርበት ሰው አልነበረም።

ቆዳ ስትሰፋ ወርቂቱ ይህን አታስበውም። ቆዳው ከሩቅ፣ እሷ ከማታውቀው አገር የሚመጣ ይመስላታል፤ ከየት ነው ብላም አትጠይቅም።

አንድ የበጋ ረፋድ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ለሱቁ ቆዳ የሚያቀርበው ባቻ፣ ከአደን ተመለሰ። ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ የተሸከመውን ቆዳ ፊቷ ዘረገፈው። ከመሃሉ ጥቁር የሚባል ያልነካት አንዲት ትንሽ ነጭ ቆዳ ወደቀች።

«ይሄ የፍየል ግልገል ነው?» አለችው።

ባቻ አንገቱን ደፋ። «የጉሬዛ ናት። ሲወለዱ ነጭ ናቸው፣ አዴ ወርቂቱ። እናቷ ከዛፍ ስትወድቅ ደረቷ ላይ ተጣብቃ ነበር። ታድግልኛለች ብዬ ቤት ወስጃት ነበር። ወተት ብሰጣት እምቢ አለች።»

«ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከኡኬ። ከአባትሽ ማሳ በላይ ካለው ጫካ።»

አቶ ገብረመስቀል ገብቶ ነጯን ቆዳ ሲያይ ፊቱ በራ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ከለቅሶው ቤት ያልጠፋ ሰው ነው። «ይቺን መሃል ላይ አድርጊያት፤ እንዲህ ያለ ታይቶም አይታወቅም» አላት። አደረገቻት። ምንጣፉንም ጨርሳ አስረከበች።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ጉሬዛ ሲያጓራ እየሰማች ትነቃ ጀመር። ቤቱ ከተማ መሃል ነው፤ ዙሪያውን ቆርቆሮና አጥር እንጂ ለጉሬዛ የሚሆን ዛፍ የለም። ጎረቤቷን ወለቴን «ሰምተሻል?» ብላ ጠየቀቻት። «ምኑን?» አለች ወለቴ። ድምፁ ቆዳው ከተከመረበት ጥግ የሚመጣ ስለመሰላት ቆዳውን አንድ ሳይቀር ወደ ሱቁ አስወሰደችው። ድምፁ ግን አብሮ አልወጣም።

ሲብስባት ኡኬ አባቷ ዘንድ ሄዳ አደረች። ነጋ። ፀሐይ ወጣች። ጫካው ጭጭ እንዳለ ነው።

«አባ፣ ዛሬ አልጮኹም?»

«ዛሬ ብቻ መሰለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?» አላት ሽማግሌው። «አንድ አውራ ቀርቷል። አንዳንድ ቀን ይጮኻል፣ ከዚያ መልስ ይጠብቃል። የሚመልስለት የለም።» ፊቷን ሳያይ፣ «የአገሩ ሰዎች ቆዳ ሰፊዋ ልጅህ ደህና ናት ወይ እያሉ ይጠይቁኛል» አለ።

በማግስቱ አውራው ጮኸ። ወርቂቱ ደጅ ቆማ ነበር። አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ፣ ልትመልስለት አፏን መክፈቷ ታወቃት።

ነቀምቴ ተመልሳ ወስፌውን ለአቶ ገብረመስቀል አስረከበች። «አመመሽ እንዴ?» አላት። «እጄ እምቢ አለኝ» አለችው። እሱም ሌላ ሰፊ ፈለገ።

እሷ ጓዟን ጠቅልላ ኡኬ ገባች። አባቷን አስቀድማ የአገር ሽማግሌዎች ፊት ቆመች፤ የነጯን ቆዳ ነገር ሳትደብቅ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ያን ጫካ ማንም እንዳይነካው አወገዙ፦ ጠመንጃም መጥረቢያም ይዞ የገባበትን ሰው እሳት የሚያጭረው ጎረቤት፣ ሬሳውንም የሚሸከምለት አይኑር አሉ። ጠባቂ ይሁን የተባለው ባቻ ነው። ያጉረመረመ ነበር፤ የጫካውን መግቢያና መውጫ ግን ከእሱ ሌላ የሚያውቅ ጠፋ።

ብቸኛው አውራ ያን ክረምት አላለፈም። ሞረዳም አላለፈም። ጫካው ለብዙ ጊዜ ድምፅ የሌለበት ጥላ ሆኖ ኖረ። በኋላ፣ ተስፋ ከተቆረጠ ወዲያ፣ ከደዴሳ በኩል የወንዙን ዛፍ ተከትሎ አንድ ትንሽ መንጋ መጣና ሰፈረበት። የኡኬ ሰው ደስ አለው፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወርቂቱንም መረቋት።

ሰው የታዘበው ከዚያ በኋላ ነው። እንጨት ለቃሚው፣ ከብት ነጂው፣ የሠርግ አጃቢው ሳይቀር በዛፎቹ ሥር ሲያልፍ ጉሬዛዎቹ ጨዋታቸውን አያቋርጡም። ወርቂቱ ስታልፍ ግን ከላይ ያሉት ሁሉ ፀጥ ይላሉ፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ባቻ «የእኔንስ ጠመንጃ እንጂ አንቺን የት ያውቁሻል? ካንቺው ልብ ነው» ይላታል። እሷ ግን ወደ ምንጩ ለመውረድ በዛፎቹ ሥር ማለፉን ትታ በሜዳው ዞሮ የሚሄደውን ረጅሙን መንገድ ያዘች፤ እስክትሞትም በዚያው ተመላለሰች።